ከጥያቄ ሳጥኑ የወጡ ሁለት ወረቀቶች፦ ስለ «ፌቲሽ»፣ ስለ ዝንባሌና ስለ ፈቃድ



በዚህ ሴሚስተር ከጥያቄ ሳጥናችን የወጡ ሁለት ወረቀቶች ለብቻቸው ተለይተው ተቀምጠው ነበር። አንደኛው የአንድ ወንድም ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ስሜቱን ለየት ባለ መንገድ የሚቀሰቅስ አንድ ነገር አለ፤ ምን እንደሆነ ለመጻፍ ያፍራል። ስልኩ ላይ ፈልጎ «ፌቲሽ» የሚል ስም አግኝቶለታል። «በሽተኛ ነኝ? ጂን ይሆን? ላጨኋት ልጅ መንገር አለብኝ?» ይላል። ሁለተኛው የአንዲት ያገባች እህት ነው። ባሏ ቪዲዮ ላይ ያየውን ሁሉ እንድትፈጽምለት ይጠይቃታል፤ አንዳንዱ ያማታል፤ እምቢ ስትል «መታዘዝ ግዴታሽ ነው» ይላታል።

ይህ ነገር እዚህ ይውጣ አይውጣ በሚለው ላይ በአዘጋጆቹ መካከል ረዘም ያለ ክርክር ተደርጓል። በመጨረሻ ያሸነፈው ሐሳብ የእናታችን የዓኢሻ (ረ.ዐ) ነው። የአንሷር ሴቶችን ያመሰገነቻቸው ሐያእ ዲናቸውን ከመማር ስላላገዳቸው ነበር። ኡሙ ሱለይም (ረ.ዐ) ዛሬ ብዙዎቻችን ለሐኪም እንኳ የማንናገረውን ጥያቄ ሰው ባለበት ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አቅርባለች። ስለዚህ እንማማር፤ ዝርዝር ውስጥ ግን አንገባም።

ሁለቱን ወረቀቶች ደጋግመን ስናነባቸው የታዘብነው ሦስት ጥያቄዎች እንደ አንድ ተደርገው መጠየቃቸውን ነው። «በሽታ ነው ወይ?» የሚለው የሐኪም ጥያቄ ነው። «ይፈቀዳል ወይ?» የሚለው የፊቅህ ጥያቄ ነው። «ሰው ይጎዳበታል ወይ? ፈቃድስ አለበት?» የሚለው ደግሞ ሌላ ጥያቄ ነው። አንዱን መመለስ ሌላውን አይመልስም። በሽታ ያልሆነ ነገር ሐራም ሊሆን ይችላል። በመሠረቱ የተፈቀደ ነገር ሰውን ሲጎዳ ይከለከላል። ለጆሮ እንግዳ የሆነ ነገር ደግሞ በሽታም ሐራምም ላይሆን ይችላል። ሦስቱ እንዴት እንደተደባለቁ ለማየት ቃሉ ራሱ የመጣበትን መንገድ መከተል ይጠቅማል፤ መንገዱ ከአህጉራችን ይነሳልና።

ቃሉ ከየት መጣ?

ፖርቱጋሎች ጥንቆላንና አስማትን፣ ሰው ሠርቶ የሚይዘውንም ክታብ «ፌይቲሱ» ይሉታል፤ ቃሉ «የተሠራ» ከሚል የላቲን ቃል የመጣ ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን መርከቦቻቸው ወደ ምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ ሲደርሱ፣ በኋላም በ1482 እ.ኤ.አ. ዛሬ ጋና በምትባለው አገር የኤልሚናን ምሽግ ሲሠሩ፣ የአገሬው ሰው አንገቱና ክንዱ ላይ ያሰረውን ሁሉ በዚሁ ቃል ጠሩት። እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ከእነዚህ ክታቦች ብዙዎቹ በቆዳ የተሰፉ የቁርኣን ጽሑፎች ነበሩ፤ ከማንዲንጋ ሕዝብ መካከል በወጡ ሙስሊም ሸይኾች የተጻፉ። አያቶቻችን በቆዳ አሰፍተው ከሚያንጠለጥሉት ክታብ ጋር ጎን ለጎን ቢቀመጡ ብዙም አይለዩም። (ክታብ ማንጠልጠል ራሱ ዑለማኦች የተለያዩበት ጉዳይ ነው፤ ዛሬ ወደዚያ አንገባም።) ከጊዜ በኋላ በፖርቱጋልና በብራዚል እንዲህ ያለው ከረጢት «ቦልሳ ደ ማንዲንጋ» ተባለ፤ ይዘው የተገኙ ሰዎች፣ በተለይም ባሪያዎች፣ በኢንኩዊዚሽን ፍርድ ቤት ተከሰሱበት።

በ1760 ሻርል ደ ብሮስ የተባለ ፈረንሳዊ «ፌቲሺዝም» የሚለውን ቃል ፈጠረ። አፍሪካውያን ያገኙትን ዕቃ ሁሉ እንደሚያመልኩ ጽፎ፣ ይህ የሰው ልጅ አስተሳሰብ ገና ሕፃን የነበረበት ደረጃ ነው አለ። ምዕራብ አፍሪካን ረግጦ አያውቅም፤ የተመካው በነጋዴዎችና በተጓዦች ጽሑፍ ላይ ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1867፣ ካርል ማርክስ ቃሉን ወስዶ መልሶ አውሮፓውያኑ ላይ አዞረው፦ ሰው የሠራውን ሸቀጥ በራሱ ኃይል ያለው አስመስላችሁ የምታዩት እናንተ ናችሁ አላቸው። ዊሊያም ፒትስ የተባለ አሜሪካዊ ምሁር በ1980ዎቹ ይህን ታሪክ በዝርዝር ሲጽፍ ያሳየው ዋና ነገር፣ ቃሉ የትኛውም የአፍሪካ ሕዝብ ራሱን የገለጸበት ሳይሆን በጠረፉ ላይ በሁለት ዓለም ነጋዴዎች መካከል የተወለደ መሆኑን ነው። በአጭሩ፣ ያልተረዱትን ሰው መሳቂያ የሚያደርግ ስም ነበር።

ከዚያ ሐኪሞች ወሰዱት። በ1887 አልፍሬድ ቢኔ (ኋላ ላይ የማሰብ ችሎታ መለኪያ ፈተናን በማዘጋጀት ስሙ የገነነው) በፍቅር ውስጥ ስላለ «ፌቲሺዝም» ጻፈ፦ ሰው በሙሉው ሰው ፈንታ በአንድ የአካል ክፍል፣ በጨርቅ ወይም በጫማ ስሜቱ ሲነሳሳ ማለት ነው። ቢኔ ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ ነገሩ በመጠኑ በማንኛውም ፍቅር ውስጥ አለ፤ ችግር የሚሆነው ክፍሉ ሙሉውን ሰው ሲተካ ነው። ሁለተኛ፣ ሥሩ ብዙ ጊዜ በልጅነት በአጋጣሚ ከተያያዘ ገጠመኝ ነው። ለዚህም የፈላስፋውን የዴካርትን ታሪክ ያነሳል። ዴካርት በ1647 በጻፈው ደብዳቤ፣ ልጅ ሳለ ዓይኗ ትንሽ ሸውራራ የሆነች እኩያውን ይወድ እንደነበር፣ ካደገ በኋላም ምክንያቱን ሳያውቅ ሸውራራ ሰዎችን ከሌሎች አብልጦ ይወድ እንደነበር ይናገራል። ነገሩን አስቦበት ምንጩን ሲያውቅ ስሜቱ ለቀቀው። ለመጀመሪያው ጠያቂያችን ከዚህ የበለጠ የሚያረጋጋ ታሪክ አላገኘንም፦ የዘመናዊ ፍልስፍና አባት የሚባለው ሰው በልጅነቱ የታተመበትን ዝንባሌ ለዓመታት ተሸክሞ ኖሯል፤ አንድ ቀን ተቀምጦ አሰበው፤ በቃ።

ሁሉም እንደ ቢኔ ለስላሳ አልነበረም። ከእሱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1886፣ ሪቻርድ ፎን ክራፍት-ኤቢንግ የተባለ ጀርመንኛ ተናጋሪ የአእምሮ ሐኪም ትልቅ መዝገብ አሳትሞ ነበር። ተራው ሰው እንዳያነበው ርእሱን በላቲን ሰየመው፤ ግልጽ የሆኑትንም ክፍሎች በላቲን ጻፈ። መጽሐፉ ግን ደጋግሞ እየታተመ ተሸጠ። ሥቃይ በመቀበል ለሚገኝ ደስታ «ማዞኪዝም» የሚል ስም ያወጣው እሱ ነው፤ ስሙንም የወሰደው ሊኦፖልድ ፎን ዛኸር-ማዞኽ ከተባለ ደራሲ ነው። ደራሲው በዚያን ጊዜ በሕይወት ነበር። የቤተሰብህ ስም፣ አንተ በሕይወት እያለህ፣ የበሽታ ስም ሲሆን አስቡት። የሰውን ነውር መሸፈንን (ሰትርን) የተማርን ሰዎች ይህን ገጽ በቀላሉ ማለፍ አልቻልንም።

ፍሮይድም በ1927 የራሱን ማብራሪያ ሰጥቷል፤ ብዙ ተወርቶለታል፤ በሙከራ ሊረጋገጥ የሚችል ባለመሆኑ እንዝለለው። የበለጠ የሚጠቅመን በ1966 ስታንሊ ራክማን የሠራው ትንሽ ሙከራ ነው። በጥቂት ወንዶች ላይ የቡትስ ጫማ ሥዕልን ስሜት ከሚያነሳሳ ሥዕል ጋር ደጋግሞ አያይዞ አሳያቸው፤ ከጊዜ በኋላ የጫማው ሥዕል ብቻውን ስሜታቸውን ማንቀሳቀስ ጀመረ። ከዚያ ብቻውን ደጋግሞ ሲያሳያቸው ግንኙነቱ ጠፋ። የተሞከረባቸው ሰዎች በጣም ጥቂት ናቸውና ሁሉንም ነገር አያስረዳም። ሆኖም ስሜት በድግግሞሽ ሊለመድ፣ ሊለቅም እንደሚችል ያሳያል። ሌሊት ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኖ ስልክ ላይ የሚደጋገመው ነገር ምን እያስለመደን እንደሆነ እያንዳንዳችን እናስብበት።

ሐኪሞች ዛሬ ምን ይላሉ?

በ2017 በካናዳ ኬቤክ ግዛት 1,040 አዋቂዎች ተጠይቀው፣ ግማሽ የሚጠጉት ሕክምናው «ያልተለመደ» ብሎ ከመደባቸው ዝንባሌዎች ቢያንስ ለአንዱ ፍላጎት እንዳላቸው ተናግረዋል። ኬቤክ እኛ አይደለንም፤ የብዙዎች መሆንም ነገሩን ሐላል አያደርገውም። ነገር ግን «በዓለም ላይ እንዲህ ያለሁ እኔ ብቻ ነኝ» ለሚለው ወንድም መልስ ነው።

የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2013 ባወጣው አምስተኛ መመሪያ ዝንባሌንና ሕመምን ለያቸው። ዝንባሌው ሕመም የሚባለው ባለቤቱን ክፉኛ ሲያስጨንቀው ወይም ኑሮውን ሲያሰናክል፣ አለዚያም ፈቃዱን ባልሰጠ ሰው ላይ ሲፈጸም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ከጥር 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው 11ኛው የበሽታዎች ዝርዝሩ ፌቲሺዝምን ከሕመም ስሞች አወጣው። ስዊድን በ2009 ቀድማ አድርጋዋለች። በዝርዝሩ የቀረው በግዳጅ ሰውን ማሠቃየት፣ ከሕፃናት ጋር የተያያዘው፣ በድብቅ ማየት፣ በተጨናነቀ አውቶቡስ ውስጥ ሰውን መተሻሸትና የመሳሰለው ነው። ልብ በሉ፦ ሐኪሞቹ ያሰመሩት መስመር «እንግዳ» እና «የተለመደ» በሚለው መካከል ሳይሆን በፈቃድና በጉዳት ላይ ነው።

በምዕራቡ ዓለም እንዲህ ያሉ ዝንባሌዎችን የሕይወታቸው አካል ያደረጉ ሰዎች የራሳቸው ልማድ አላቸው። አስቀድመው ምን እንደሚደረግና ምን እንደማይደረግ ይነጋገራሉ፤ አንዱ ወገን ሲናገረው ሁሉም ነገር ወዲያው የሚቆምበት ቃል ይስማማሉ፤ ከዚያም በኋላ አንዱ ሌላውን «ደህና ነህ? ደህና ነሽ?» ብሎ ይጠይቃል። አኗኗራቸውን አርአያ አናደርግም፤ ብዙው ከኒካሕ ውጭ ነው፤ ከኒካሕ ውጭ ያለው ደግሞ ስምምነት ስላለበት ሐላል አይሆንም። ግን አንድ ነገር ስናስብ አፈርን። በእነሱ ዘንድ ሰው ይጠየቃል። በስንቱ የእኛ ሐላል ቤት ግን ማንም ማንንም አይጠይቅም!

ስምምነት ብቻውን እንደማይበቃ የእነሱም ሕግ ያውቃል። በ1993 የእንግሊዝ የጌቶች ምክር ቤት ዳኞች፣ ሦስት ለሁለት ተለያይተው፣ በዚህ መንገድ በሌላው ላይ የአካል ጉዳት ያደረሰ ሰው «ተስማምተን ነበር» ማለቱ ነጻ አያወጣውም ብለው ወሰኑ። በ2021 የወጣው የቤት ውስጥ ጥቃት ሕግም ለከባድ ጉዳት ይህንኑ በጽሑፍ አሰፈረ፤ ጉሮሮ ማነቅንም ራሱን የቻለ ወንጀል አደረገው። ይህን ያነሳነው በምክንያት ነው። ማነቅ በቪዲዮዎች አማካይነት በብዙ አገር ተማሪዎች ዘንድ እንደ ጨዋታ ተስፋፍቷል። ጨዋታ አይደለም። ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ሲቋረጥ ሰው በሴኮንዶች ውስጥ ራሱን ይስታል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሞት ነው። አስተማማኝ የሚባል አደራረግ የለውም።

የእኛ መጻሕፍትስ?

«ይህ የፈረንጅ ወሬ ነው» የሚል ወንድም ቢኖር ቀደምቶቻችንን ያንብብ። አቡ ዘይድ አልበልኺ (በ934 የሞቱ) ነፍስም እንደ አካል እንደምትታመም፣ የራሷም ሕክምና እንዳላት፣ ሰውን የሚያስጨንቅ ወስዋስም ከሕመሞቿ አንዱ እንደሆነ ጽፈዋል። ኢብኑ ሲና በቃኑን መጽሐፋቸው ዒሽቅን ከሕመም ቆጥረው፣ ታማሚው የሚወዳትን አልናገርም ካለ ስሞችን እየጠሩ የልብ ትርታውን መዳሰስን አስተምረዋል። ኢማም አልገዛሊ በኢሕያእ ውስጥ ስለ ጋብቻ አደብ ሲጽፉ ባል የራሱን ስሜት ብቻ ጨርሶ እንዳይነሳ፣ ሚስቱን እንዲጠብቃት ይመክራሉ። በወሎ መስጊዶች ደረሳው ሌሊቱን የሚያጠናውን ጀላለይንን ከጻፉት ሁለቱ አንዱ የሆኑት ሱዩጢም ስለ ባልና ሚስት ግንኙነት ጽፈዋል። እነዚህ ሐያእ የጎደላቸው ሰዎች አልነበሩም።

ከሁሉም በላይ አቡ ዳውድ ከኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) ያስተላለፉትን ታሪክ እናስታውስ። የመካ ሰዎች በግንኙነት ጊዜ የተለያየ አኳኋን ነበራቸው፤ የመዲና አንሷሮች ግን በአንድ መንገድ ብቻ ይኖሩ ነበር። አንድ ሙሃጂር አንዲት የአንሷር ሴት አገባና በአገሩ ልማድ ሊሄድ ሲል ሴትዮዋ አልቀበልም አለች፤ ወይ እንደ እኛ ልማድ፣ ወይ ተወኝ። ነገሩ ተሰምቶ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘንድ ደረሰ፤ በዚህም በሱረቱል በቀራህ ሚስቶችን በእርሻ የመሰለው አንቀጽ ወረደ። ዑለማኦች ከዚህ የወሰዱት፣ አኳኋኑ ሰፊ መሆኑን፣ የተከለከለው ግን (በኋላ በኩል መገናኘትና በወር አበባ ጊዜ የሚደረገው) በቦታው መቆየቱን ነው። እኛ ደግሞ ሌላም ነገር እንታዘባለን። ለአንዱ ከተማ የተለመደው ለሌላው እንግዳ ነበር፤ ማንም «በሽተኛ» አልተባለም። ሴትዮዋም ስለተናገረች አልተነቀፈችም፤ ይልቁንም በእሷ ጥያቄ ዕውቀት ወረደ።

እንግዲህ ወደ ወረቀቶቹ እንመለስ።

ወንድማችን ሆይ፣ ሳትመርጠው በውስጥህ ያገኘኸው ስሜት ወንጀል ተብሎ አይጻፍብህም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አላህ የዚህን ኡማ ነፍስ ውስጣዊ ሹክሹክታ፣ እስካልተሠራበትና እስካልተነገረ ድረስ፣ ይቅር እንዳለ አስተምረውናል። ስሜቱ ሥራህን፣ ሶላትህን፣ እንቅልፍህን ካልነጠቀህ፣ ማንንም ካልጎዳህበት፣ ሐኪምም በሽተኛ አይልህም። ከነጠቀህ ግን የሥነ ልቦና ባለሙያ ዘንድ ሂድ፤ የጊቢያችን የምክር አገልግሎት ምስጢር ይጠብቃል። ሩቅያን አንቃወምም፤ ዝንባሌህን ሁሉ ለጂን ሰጥቶ ገንዘብህን የሚቀበል ሰው ዘንድ ግን አትሂድ። ቪዲዮውን አቁም፤ ምክንያቱን ከላይ ተናግረናል።

ላጨሃት ልጅ ስለ መንገር፣ ይህ የእኛ አስተያየት ነው፣ ፈትዋ አይደለም። ያለፈ ኃጢአትን መሸፈን አንድ ነገር ነው፤ በእሷ ኑሮ ላይ የሚያርፍን ነገር መደበቅ ሌላ ነው። ያለዚያ ነገር የባልነት ሕይወት መኖር የማትችል ከሆነ፣ ሳታውቅ ማግባቷ ሐቋን መንካት ነው፤ ከኒካሑ በፊት ምስጢር የሚጠብቅ ዓሊም አማክረህ በአደብ አሳውቃት። ቢኖርም ባይኖርም የምትኖርበት ቀላል ዝንባሌ ከሆነ ዝም ብትል አልዋሸህም። ካገባህ በኋላ የተፈቀደ ነገር ከሆነ ትጠይቃታለህ፤ መጠየቅ ማለት ደግሞ «አይሆንም» የሚል መልስ ሲመጣ መቀበል ማለት ነው።

እህታችን ሆይ፣ ባልሽ «መታዘዝ» የሚለውን ቃል ከቦታው አውጥቶታል። ፈጣሪን በማመፅ ለፍጡር መታዘዝ የለም፤ ሐራም የሆነውን እምቢ ማለት ግዴታሽ ነው። የሚያምሽንና የሚጎዳሽንም እምቢ ማለትሽ ኑሹዝ አይደለም፤ ጉዳትን ማስወገድ ፊቅህ ከሚቆምባቸው መሠረቶች አንዱ ነው። የተፈቀደ ሆኖ አንቺ የማትወጅው ነገር ከሆነም በመልካም ተኗኗሩ የተባለው ለእሱም ነው፤ ማግባባት ይችላል፣ ማስገደድ አይችልም።

«ዝም ስላልሽ ተስማምተሻል» እንደሚልሽም ጽፈሻል። ይህን ነገር ከብዙ ሰው ሰምተነዋል። የልጃገረድ ዝምታ እንደ ፈቃድ የተቆጠረው ለኒካሕ ስትጠየቅ ነው፤ ያውም መጀመሪያ ስለተጠየቀች፣ እምቢ ማለትም ስለምትችል። አንድ ጊዜ የተሰጠ ዝምታ ለመኝታ ቤት ሕይወት ሁሉ የተፈረመ ወረቀት አይደለም። ኸንሳእ ቢንት ኺዛም (ረ.ዐ) አባቷ ያለፈቃዷ ሲድራት ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሄዳ ተናገረች፤ ኒካሑን አፈረሱላት። ትዳርሽን አፍርሺ ማለታችን አይደለም። መጀመሪያ ነገሩ ባልተነሳበት ሰዓት፣ ቀን ላይ፣ በግልጽ ንገሪው፤ ይህንን ጽሑፍም ብታሳይው ደስ ይለናል። ካልሰማ ከሁለታችሁ ቤተሰብ የሚከበር ሽማግሌ ወይም ዓሊም ይግባ፤ ዝርዝሩን መናገር አይጠበቅብሽም፣ «ይጎዳኛል፣ ነግሬው አልተወም» ማለት ይበቃል። ጉሮሮሽን ይዞሽ የሚያውቅ ከሆነ ግን ሽማግሌ አትጠብቂ፤ ዛሬውኑ ከዚያ ቤት ውጪና ቤተሰብሽ ዘንድ ሁኚ፤ ሐኪምም ይይሽ። የሴቶች ዘርፍ እህቶች ዘወትር ከዙሁር በኋላ በቢሮአችን አሉ፤ ስምሽን አይጠይቁሽም።